ሁሉን የሚከፍት ቁልፍ

የዲላ ዝናብ መቼም ሰውን ሳያስበው መያዝ ይወዳል። አቶ ጓንጉል ከምሳ ሲመለሱ ዶፉ ወረደባቸውና መናኸሪያው አጠገብ ካለ የጨርቅ ሱቅ በረንዳ ሥር ተጠለሉ። እዚያም ሐያትን አገኟት። ሐያት ከዩኒቨርሲቲው ኮምፒዩተር ተምራ የወጣች ናት፤ ለኢዲዶ ቡና አምራቾች የሠራችው ድረ ገጽ የሚቀመጠው አቶ ጓንጉል ለደንበኞች በሚያከራዩት ሰርቨር፣ ድረ ገጾችን በሚይዝ ኮምፒዩተር ላይ ነው። ፊቷ አመድ መስሏል።

"ምነው የኔ ልጅ፣ አሞሻል እንዴ?"

"እርስዎን ፍለጋ ነው የወጣሁት ጋሼ። የሰጡኝ ቁልፍ አስፈራኝ።"

ቁልፍ ያለችው የብረቱን አይደለም። የሰርቨሩ መቆጣጠሪያ ፓነል ኤፒአይ የሚባል የጓሮ በር አለው፤ ፕሮግራሞች ያለ ሰው እጅ ፓነሉን የሚያዙት በዚያ ነው። ለማለፍ ረጅም የፊደልና የቁጥር ሰንሰለት ያስፈልጋል፤ ቁልፍ የሚባለው እሱ ነው። አቶ ጓንጉል ደግሞ አንዱን ቁልፍ ለደንበኛው ሁሉ አድለውታል።

"የኢዲዶን ገጽ ብቻ ላድስ ብዬ ገባሁ" አለች ሐያት። "የሬኮውም፣ የወርቃውም ቡና አምራቾች ገጽ፣ የክሊኒኩ ታካሚዎች ምስጢር ሳይቀር ፊቴ ተዘረገፈ። ሰርዝ ካልኩት ይሰርዛል፤ 'እርግጠኛ ነሽ?' እንኳ አይልም።"

አቶ ጓንጉል ሳቁ። "እኔ የቤቴን ቁልፍ ለብዙነሽ ትቼ የምወጣ ሰው ነኝ። ጎረቤት ካልታመነ ምን ኑሮ አለ?"

"የእትዬ ብዙነሽ ቁልፍ እኮ አንድ ነው ጋሼ። ለሌላ ቢሰጡት ከእጃቸው ይጠፋል፣ ያስታውቃል። ይሄኛው ግን ቢሰጥም አያልቅም፤ በነካው ኮምፒዩተር ሁሉ ይቀራል። ሳይቃጠል በቅጠል ይበሉ።"

"ለየብቻ ልስጥ ብዬ ሞክሬ ነበር እኮ!" አሉ ቆጣ ብለው። "ፓነሉ የማይገባኝን የምልክት ማድረጊያ ሳጥን ደርድሮ ይህን ትፈቅዳለህ፣ ያንን ትፈቅዳለህ ይለኛል። ሲሰለቸኝ 'ሁሉም ይፈቀድ' የሚለውን ነክቼ ተገላገልኩ።"

"እሱስ እውነትዎን ነው፤ ፓነሉን የሠሩትም ሰዎች ጥፋት አለባቸው። በሩ ካስቸገረ ሰው አጥር መዝለሉ አይቀርም። ግን ቁልፉ እነማን ጋ ነው ያለው?"

"ሬኮ ሳዳም አለ፤ ወርቃ ሄርሜላ፤ ክሊኒኩ መላኩ። የክሊኒኩ የቀድሞ ሠራተኛ ደጀኔም ነበረው፤ እሱ እንኳ ሥራ ለቆ ሐዋሳ ገብቷል።"

"ኮምፒዩተሩስ?"

"ሸጦት ነው የሄደ..."

 ቁልፉ ያለበትን ኮምፒዩተር ለማን እንደሸጠው አቶ ጓንጉል አያውቁም።  ዝናቡን ረስተው መንገዱን ተሻገሩ፤ ሐያትም ተከተለቻቸው።

ቢሯቸው ገብተው ፓነሉን ከፈቱ። ቁልፉን ቢሽሩት የደንበኛው ሁሉ ፕሮግራም ይቆማል፤ ጊዜው ደግሞ የቡና ለቀማ ነው፣ ገዢዎች ገጾቹን የሚያገላብጡበት። ባይሽሩትስ? የሰው በሽታ አደባባይ ሊወጣ ነው። ከሁለት ክፉ አንዱን መምረጥ እንዴት ያስጨንቃል!

"ሰው ይቆጣኝ" አሉና ሻሩት።

ወዲያው ስልኩ ይጮህ ጀመር። "ጋሼ፣ ገጻችን መታደስ እምቢ አለ፣ ምን ጉድ ነው?" አለ ሳዳም ከሬኮ። አቶ ጓንጉል ይቅርታ እየጠየቁ፣ ሐያት እያንዳንዱን ሳጥን በአማርኛ እየፈታችላቸው፣ የየራሱን ገጽ ብቻ የሚያድስ፣ መሰረዝ የማይችል ቁልፍ ለየደንበኛው አወጡ። የመጀመሪያው አላባቸው፤ የመጨረሻውን ብቻቸውን ሠሩት።

ሻይ አዘው ገና ሳይቀመጡ ፓነሉ ላይ አንድ መልእክት ብቅ አለ። ሰው ወይም ፕሮግራም በተሻረው ቁልፍ መጥቶ ሁሉም እንዲሰረዝ አዟል፤ አልተፈቀደለትም። አቶ ጓንጉል ወንበሩን በእጃቸው ፈልገው ቁጭ አሉ። 

ከዚያ ወዲህ አንዱ ቢሳሳት የሚያበላሸው የራሱን ገጽ ብቻ ነው። ሥራ የሚለቅ ሰው ቁልፉ ለብቻው ይሻራል፤ ሌላው ሥራው አይስተጓጎልበትም። አቶ ጓንጉልም አዲስ ደንበኛ ሲመጣ ሳጥኖቹን ራሳቸው ያስረዳሉ፣ እንደ ራሳቸው ፈጠራም ይኮሩበታል።

አንድ ቀን ሐያት "የቤትዎንስ ቁልፍ ከእትዬ ብዙነሽ አይቀበሉም?" ብላ ቀለደችባቸው።

"እሱን ተዪው" አሉ አቶ ጓንጉል። "ብዙነሽን በየቀኑ አያታለሁ። ያን ቀን በተሻረው ቁልፍ በሬን ያንኳኳውን ግን እስክሞት አላውቀውም።"