ሽማግሌው መለኪያ

ጎማ በእርግጫ የምትለኩ ሰዎች እንደምትስቁብኝ አውቃለሁ። የሪራን ቁልቁለት ፈርቼ፣ ሮቤ የጎማ ነፋስ መለኪያ ልገዛ ገባሁ። ባለሱቁ ሐጂ ሁለት አወጡልኝ። በር ላይ በቆመችው መኪናዬ አንድ ጎማ ስንሞክራቸው፣ አንዱ ሃያ ስምንት አለ፤ ሌላው ሠላሳ ስድስት።

«ሐጂ፣ የቱን ልመን?» አልኳቸው።

«አብሽር። ሁለት ሰው ሲጣላ ሽማግሌ ይገባል» ብለው ሦስተኛ መለኪያ አመጡ። እሱም ሠላሳ ሁለት ብሎ መሐል ላይ ቆመ። «አየህ? ሽማግሌ ማንንም አያስቀይምም።»

ደስ ብሎኝ ሽማግሌውን ገዛሁ። ሪራ ስደርስ አንዱ የኋላ ጎማ ሙሉ በሙሉ ተንፍሶ መኪናዋ በቸርኬዋ ቆማለች። ለወጉ ያህል በሽማግሌው ለካሁት፤ አሁንም ሠላሳ ሁለት። ሐጂ አልዋሹኝም፤ የተነፈሰውን ጎማ እንኳ አላስቀየመውም።