በጋለ ቆርቆሮ ላይ

ሙቀቱ በበረታበት ሰሞን፣ የማስተምርበት ትምህርት ቤት ጣሪያ የት እንደደረሰ ልይ ብዬ ጎራ ስል፣ የጣሪያ ሠራተኞቹ አለቃና ነርስ ልጃቸው መሰላሉ ሥር ሲከራከሩ አገኘኋቸው። እሳቸው አርባ ዓመት ቆርቆሮ የመቱ፣ የሠሩት ጣሪያ አፈሰሰ ተብሎ የማያውቅ፣ በዚህም የሚኮሩ ሰው ናቸው። እሷ የውኃ ጀሪካን ተሸክማለች።

«መምህር፣ እንኳን መጡ፤ እስቲ ይፍረዱን» አሉኝ። «ልጄ ቀትር ላይ ሥራ አቁሙ ትለኛለች። ፀሐይ ዛሬ ነው እንዴ የወጣችው?»

«ፀሐይዋስ የድሮዋ ናት አባባ፤ ሙቀቱ ግን በረታ» አለች ልጅቱ በትሕትና። «በዚህ ሳምንት ብቻ ሰባት ሰው በሙቀት ታሞ ወደ ጤና ጣቢያችን መጥቷል። ገላ የሚቀዘቅዘው በላብ ነው፤ ውኃ ካላገኘ በምን ያልበዋል?»

«በሥራ መሃል ውኃ ሆድ ያከብዳል፣ ጉልበት ያላላል። ጣሪያ የሚወጣ ሰው ጥሙን ይቻል።»

እውነቱን ልናገርና፣ ጣሪያው ትምህርት ሳይከፈት እንዲያልቅ ስለፈለግሁ እኔም ለአባትየው ፈረድኩ። በዚህ እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

ክርክሩ ሳያልቅ ከጣሪያው ላይ ይሰማ የነበረው የመዶሻ ድምፅ ተቋረጠ። ሲራመድ ኮቴው ስለማይሰማ «ድመቱ» የሚሉት፣ የአለቃው የሃያ ዓመት የሥራ ባልደረባ፣ ሚስማሩን በትኖ፣ አእምሮው ተምታቶበት ከቆርቆሮው ጋር ይጨቃጨቃል። ወጥተን ደግፈን ስናወርደው ገላው ይፋጃል።

ልጅቱ አልተደናገጠችም። እኔን አምቡላንስ አስጠራችኝ። በሽተኛውን ጥላ ሥር አስተኝታ ሸሚዙንና ጫማውን አወለቀች፤ ውኃውን ከራሱ እስከ እግሩ አፈሰሰችበት፤ አባቷ በካርቶን እንዲያራግቡለት አደረገች። እሳቸው ሊያጠጡት ሲሉ እጃቸውን ያዘች።

«ልቡናው ሳይመለስ አያጠጡት፤ ትን ይለዋል።»

አለቃው ማራገባቸውን ቀጠሉ። አምቡላንሱ ሲደርስ ሰውየው ዓይኑን ገልጦ በስማቸው ጠራቸው።

በሦስተኛው ቀን ሆስፒታል ጠይቀነው ስንወጣ፣ «ወንድሜን በኩራቴ ልገድለው ነበር» አሉ አለቃው።

«ኩራትዎን አይጣሉት አባባ» አለች ልጃቸው። «ሰው ሳይጎዳ ባለቀ ጣሪያ ይኩሩበት።»

ከዚያ ወዲያ ሥራው ጎህ ሲቀድ ተጀምሮ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ይቆማል፤ ፀሐይ ስትበርድ፣ አሥር ሰዓት ላይ ይቀጥላል። ሁሉም ሳይጠማው በየሃያ ደቂቃው ውኃ ይጠጣል፤ ሰፊ ባርኔጣ ያደርጋል። ሁለት ሁለት ሆነው አንዱ የሌላውን ሁኔታ ይከታተላል። ራሱን ያመመው፣ ያዞረው ወይም ያቅለሸለሸው ወዲያው ይወርዳል፤ የሚስቅበት የለም። አዲስ ሰው ሲቀጠር እስኪለምደው ድረስ ጥቂት ሰዓት ብቻ ይሠራል። ሥራው ይጓተታል ብዬ ፈርቼ ነበር። በቀዝቃዛው ሰዓት የሚሠራ እጅ ግን አይስትም፤ ተነቅሎ እንደገና የተመታ ቆርቆሮ አልነበረም፤ ጣሪያው በቀኑ አለቀ።

የርክክቡ ዕለት አንድ ሌላ የጣሪያ አለቃ፣ ቀድሞ የእሳቸው ተማሪ የነበረ፣ «ጋሼ፣ ቀትር ላይ እያረፋችሁ እንዴት ጨረሳችሁ?» አላቸው።

ልጃቸውን ትከሻዋን ይዘው ወደፊት አቀረቧት። «ቆርቆሮ መምታት ከእኔ ተምረሃል» አሉት። «ሠራተኛህን በደህና ወደ ቤቱ መመለስ ከእሷ ተማር። ልጄ ናት።»

በአርባ ዓመት ሥራቸው ሁሉ እንደዚያ ዕለት ደረታቸውን ነፍተው ሲናገሩ የሰማ የለም።