ከበረንዳው ሥር ያለው ጣውላ

ከመርካቶ ወደ ኮልፌ ስንሄድ፣ ሴቼንቶ በምትባለው ትንሽ ታክሲ ውስጥ አንድ ግንበኛና አንዲት ጠና ያሉ ሴት ከጎኔ ተቀምጠዋል። አይተዋወቁም።

«ሥራ ነው ልጄ?» አሉት።

«አዎ፣ እማማ። አምና የአንድ ሐጂን አሮጌ ቤት አፍርሰን ቪላ ሠራንላቸው። በረንዳው ሥር ወፎች በጭቃ ጎጆ ሠርተው ነበር። ሐጂ ጫጩቶቹ ሳይበሩ አትነኩትም ብለው ሥራ አስቆሙን።»

«ደግ ሰው ናቸው።»

«ሲመለሱ ማረፊያ እንዳያጡ ብለው፣ አዲሱ በረንዳ ሥር ጣውላ አስመቱኝ።»

«ተመለሱ ታዲያ?»

«ዘንድሮ መጥተው ጎጆ ሠሩበት፤ ጫጩትም ፈለፈሉ። ሐጂ ግን ሳያዩ አረፉ።»

«ነፍሳቸውን ይማር። አሁን ምን ልትሠራ ነው?»

«ልጃቸው ግድግዳ አቆሸሹብኝ፣ መጥተህ ጣውላውን ንቀል ብሎኛል።»

«ልትነቅለው ነው?»

«መሰላል አላገኘሁም እለዋለሁ።»

«ነገስ?»

«ነገም ሌላ ምክንያት አላጣም።»

«እስከ መቼ?»

«እስኪበሩ ነዋ፣ እማማ።»

ባለፈው ወር ቤቴን ሳስቀባ በመጥረጊያ እንጨት ያወረድኩት የጭቃ ጎጆ ትዝ አለኝና፣ እስክወርድ ድረስ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።