ደረቴ ላይ የሰካሁት የታንከኛ ዓርማ

ውሸታም የምትሉኝ ሁሉ ይህን ስሙና ፍረዱ። የማረሻ ብረት ልገዛ ከገጠር መጥቼ መርካቶ ምናለሽ ተራ ስዞር፣ ከውዳቂ ብረት መሀል ታንክ የተቀረጸበት የነሐስ ዓርማ አገኘሁ። ደረቴ ላይ ሰካሁትና ነጋዴዎቹን ላስቅ ወሬዬን ለቀቅሁት፦ «ይህ የታንከኛ ጦራችን ዓርማ ነው! በአንድ ታንክ አርባ ታንክ አባረናል! ሾፌራችን ተካ ደግሞ ጫማውን አውልቆ፣ እያፏጨ ነበር የሚነዳው!» እኔን እንኳን ታንክ በሬም አይታዘዘኝም። ሁሉም ሳቁ፤ ቆርቆሮ የሚቀጠቅጡ አንድ ሽማግሌ ብቻ መዶሻቸውን አስቀመጡ።

«ተካ ወንድሜ ነው» አሉኝ። «በባዶ እግሩ መንዳቱን የጻፈው ለእኔ ብቻ ነበር። እናታችን መቃብሩን ሳታውቅ ሞተች። የት ወደቀ ልጄ?»

«ኧረ ጋሼ፣ ውሸቴን ነው!» ልል አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን ሌላ ሆነ፦ «ከደረቁ ወንዝ ማዶ፣ ከሁለቱ ግራሮች መሀል ነኝ።» ድምፁ የእኔ አልነበረም።

ሽማግሌው ዓርማውን ከደረቴ ነቅለው ሳሙት። «ደህና ዋልክ ወንድሜ» አሉ፤ እኔን ግን አላዩኝም።

ፈርጥጬ ሰባተኛ ሰፈር ስደርስ ሰዉ ሁሉ እግር እግሬን ያያል። ለካ ጫማዬን በእጄ ይዤ እያፏጨሁ ኖሯል።