የሁዳዴ ሙሽራ

የምስክር ስም፦ ወ/ሮ አስናቀች ዘሥላሴ
ዕድሜ፦ 69
ሥራ፦ ቀድሞ ጠላ ሻጭ
አድራሻ፦ ደብረ ብርሃን ከተማ፣ ቀበሌ 05
ቃል የተሰጠበት ቀን፦ መጋቢት 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

እኔ ስሜ ከላይ የተጠቀሰው፣ ጫጫ ከተማ ከሚገኘው የእህል ነጋዴው የአቶ ገብረመንፈስቅዱስ መጋዘን ለሰኞ መጋቢት 9 ቀን አጥቢያ ሌሊት ስለተሰረቀው ካዝና የማውቀውን በፈቃዴ እንደሚከተለው አስረዳለሁ።

በደርግ ጊዜ ጠላ ቤቴ የሌቦች መዋያ ነበር። ካዝና ሰባሪዎቹ በሰው ፊት ሥራቸውን የሚያወሩት በሰርግ ቋንቋ ነው። ካዝናዋን «ሙሽራ»፣ ከውስጥ ሆኖ በር የሚከፍትላቸውን «ሚዜ»፣ የሚታለለውን ዘበኛ ደግሞ «አማት» ይሉ ነበር። ልጄ ነቢዩ እዚያው ስላደገ ቋንቋውን አሳምሮ ያውቃል።

ሰኞ መጋቢት 9 ቀን ጠዋት ነቢዩ በረንዳ ላይ ቆሞ በስልክ «ሙሽራዋ ወጥታለች፤ አማትየዋ ሻይዋን ጠጥታ ለጥ ብላለች» ሲል በጆሮዬ ሰማሁ። በሁዳዴ ሰርግ የሚደግስ ክርስቲያን አላውቅም። የድሮዎቹ ሌቦች እንኳ ጾም ሲገባ ይህን ቋንቋ ይተዉት ነበር፤ የእኔው ልጅ ግን ጾሙንም ጥንቃቄውንም አልተማረም። ወዲያው ሐኪም ያዘዘልኝን የእንቅልፍ ኪኒን ብፈልግ ብልቃጡን ባዶ አገኘሁት። ብልቃጡን ለመርማሪው አስረክቤአለሁ።

የመጋዘኑ ጥበቃ ስንታየሁ ተኝቶ በመገኘቱ ግብረ አበር ተብሎ መታሰሩን የሰማሁት ትናንት ነው። የነገረችኝ ባለቤቱ በሰለች ስትሆን፣ ቤተሰቡ ከወለጋ ተፈናቅሎ መጠለያ ጣቢያ የሚኖር ነው። ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ልጅ አዝላ ስታለቅስ አገኘኋት። ስንታየሁ ከሌቦቹ ጋር ቢሆን ኖሮ «ሚዜ» ይሉት ነበር እንጂ «አማት» አይሉትም። በዚህ አልሳሳትም።

መርማሪው ሳጅን አዲስዓለም፣ የምመሰክርበት ልጄ ስለሆነ ደግሜ እንዳስብበት ነገረኝ። «አስቤ ነው የመጣሁት፤ አንተ ጻፍ» አልኩት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የበሰለች ልጆች ግን እያደሩ ይራባሉ።

ነቢዩ አሁን አንኮበር፣ እህቴ ደመቀች ቤት ይገኛል። የወለድኩት ነው፤ እወደዋለሁ። ሲያዝ ስንቅ የማመላልስለት እኔው ስለሆንኩ የመጠየቂያው ሰዓት ይነገረኝ።

ቃሌ እንደተናገርኩት ተጽፎ ተነቦልኛል፤ የጨመርኩትም የደበቅኩትም የለም። እውነት ስለመሆኑ በጣት አሻራዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክሯ የጣት አሻራ፦ ________
ቃል የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፦ ________