የይፋጉ ገመድ

አናጢው አቶ ይሻው የእህታቸውን ልጅ ሠናይትን ያገኟት ሳያስቡት ነው፤ ከገሳይ ወደ ጉና በሚያወጣው ጉም የዋጠው መንገድ ላይ። እሷ ደብረ ታቦር ከሚገኘው ዩኒቨርሲቲ ለእረፍት መምጣቷ ነው። እሳቸው ወደ ደሞዜ ቤት እየወጡ ነበር። ባለፈው ሐምሌ የበረዶ ክምር የደሞዜን ጣራ ደርምሶ ሚስቱን ዘነበችን ገድሏል። ያንን ጣራ የሠሩት አቶ ይሻው ናቸው፤ ዛሬም መልሰው ሊሠሩለት ነው።

«አያ ይሻው፣ የወረዳው መሐንዲስ የደጋ ጣራ ተዳፋቱ ከሠላሳ ዲግሪ አይነስ ብሏል አሉ። የእርስዎ ስንት ነው?» አለች ሠናይት።

«ሠላሳ ነዋ! ዓይኔ አይስትም።» ከትከሻቸው ገመድ አወረዱ። «ይኸው፣ በወጣትነቴ ከታች ሜዳው ላይ፣ ይፋግ ስሠራ የቋጠርሁት ልክ። ሙሉ ገመዱ ከጣራው አናት እስከ ግድግዳ የሚወርደው ወራጅ እንጨት፣ ስድስት ክንድ፤ እስከ ቋጠሮው የመሐሉ ከፍታ፣ ሁለት።»

«ይፋግ እንዲህ ያለ በረዶ ይከመራል?»

«የእግዜር ቁጣ በዲግሪ ይለካል ወይ?» አሉ አቶ ይሻው።

«አይቆጡኝ፣ ላሳይዎት።» ሦስት እኩል ጭራሮ ቆርጣ መሬት ላይ ገጠመቻቸው። «ጎኖቹ እኩል ስለሆኑ ማዕዘኖቹም ስድሳ ስድሳ ናቸው። ከላይኛው ጫፍ እስከ ታችኛው ጭራሮ መሐል ባሰምር፣ የላይኛው ማዕዘን ተከፍሎ ሠላሳ ይሆናል። ከሠላሳው ፊት ለፊት ያለው ጎን ምን ያህል ነው?»

«የጭራሮው ግማሽ።»

«እንግዲህ ሙሉው ጭራሮ ወራጁ፣ ግማሹ ከፍታው ይሁን፤ ከፍታው የወራጁ ግማሽ ከሆነ ተዳፋቱ ልክ ሠላሳ ነው፤ ግምት የለበትም። ከፍታውን ለወራጁ አካፍሎ ከዚያ ማዕዘኑን ማግኘትን ሳይን ኢንቨርስ እንለዋለን። የግማሽ ሳይን ኢንቨርስ ሠላሳ ዲግሪ ነው።»

«ለስድስት ክንድ ሦስት መሆን ነበረበታ።»

«አዎ፣ አያ። የእርስዎ ከሠላሳ በታች ነው።»

አንባቢ በእኚህ ሰው አይፍረድ። ዓይን የለመደውን ሁሉ ትክክል ይላል፤ ከሜዳው የመጣ ልክ ደጋ ላይ ሰው እንደሚገድል ማንም አልነገራቸውም። ቢነገራቸውም ላይሰሙ ይችሉ ነበር።

አቶ ይሻው አሮጌውን ቋጠሮ ሊፈቱ ታገሉ፤ ደርቆ እምቢ አላቸው። ትተውት ገመዱን እኩል አጠፉና መሐሉ ላይ አዲስ ቋጠሩ።

በተከታዩ ሐምሌ በረዶው ሲወርድ ከደሞዜ አዲስ ጣራ እየተንሸራተተ ደጅ ላይ ተቆለለ። ጎረቤቶችም ክረምቱ ሳይገባ ጣራቸውን በአዲሱ ልክ አሠርተው ነበር፤ በዚያ ክረምት ጣራ የተጫነው ሰው አልነበረም። ደሞዜ ሊያመሰግናቸው ወደ አቶ ይሻው ቤት መጣ።

«እኔን አታመስግን» አሉት፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መልሰው። «ዘነበችን የጎደላት አንድ ክንድ ነበር።»