«ባለቤት ያጣው ሸሚዝ» የተባለው ዘፈን የማን እንደሆነ

የምስክር ስም፦ ናዚም ቡሽራ ሀሊም
ዕድሜ፦ 57
ሥራ፦ የቫዮሊን መምህር
አድራሻ፦ እስክንድርያ፣ ባኮስ ሰፈር፣ ከልብስ ተኳሹ ሱቅ በላይ ሁለተኛ ፎቅ
ቃሉ የተሰጠበት ቀንና ሰዓት፦ ኖቬምበር 12 ቀን 2023 እ.ኤ.አ.፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት

ስሜ፣ ዕድሜዬና አድራሻዬ ከላይ እንደሰፈረው ነው። ተደብድቤያለሁ ብሎ ያመለከተውን ዘፋኝ ሀይሰም ደሃብን አውቀዋለሁ፤ በልጅነቱ ቫዮሊን አስተምሬው አልገባውም። ተጠርጣሪ የተባለውን ራጋብ ዓወድንም አውቀዋለሁ፤ ከቤቴ ሥር ባለው ሱቅ ልብስ ይተኩሳል። ከሁለቱም ጋር ዝምድና የለኝም።

ራጋብ ዕድሜው አርባ ሁለት ሲሆን ባለፈው ፌብሩዋሪ ሙዚቀኛ ልሁን ብሎ ተነሳ። ኖታ አያነብም። ዑድም ሆነ ቫዮሊን በእጁ ነክቶ አያውቅም። በነፃ የሚገኝ የሙዚቃ መሥሪያ መተግበሪያ ስልኩ ላይ ጭኖ፣ ከተሰቀሉት ልብሶች መሐል ገብቶ ይዘፍናል፤ ልብሱ የመንገዱን ጩኸት ይውጥልኛል ይላል። ከበሮ ስለሌለው ካውያውን ጠረጴዛው ላይ እየመታ ይቀዳል። የቀዳውን ዓርብ ዓርብ ኢንተርኔት ላይ ይለቅቃል። የሚያዳምጡት አሥራ አንድ ሰዎች ነበሩ። አንዷ ዳማንሁር ያለች እህቱ ስትሆን በየዘፈኑ ሥር «አላህ ያሳድግህ» እያለች ትጽፍለታለች። በአርባ ሁለት ዓመቱ ከዚህ ወዲያ የት ድረስ እንደሚያድግ አላውቅም።

በማርች ወር ደረጃው ላይ አስቁሞኝ «ኡስታዝ፣ እባክዎ አንዷን ብቻ ይስሙልኝና ስህተቴን ይንገሩኝ» አለኝ። «ስህተትህ መጀመርህ ነው። ይልቅ ሱሪዬን በደንብ ተኩስ፤ ባለፈው ሁለት መስመር አውጥተህበታል» አልኩት። እሱም ስቆ «እሱስ ልክ ነዎት» አለ። ሲሰድቡት የሚስቅ ሰው አልወድም።

ጁን 9 ቀን ለጉዳዩ መነሻ የሆነውን ዘፈን ለቀቀ። አንድ የመርከብ ሥራ ጡረተኛ ሸሚዙን ለማስተኮስ ሰጥቶት በማግስቱ ሞቷል፤ ልጆቹም ሊወስዱት አልመጡም። ዘፈኑ ስለዚያ ሸሚዝ ነው። የከፈትኩት ልስቅበት ነበር። ድምፁ ሁለት ቦታ ከቃና ይወጣል፤ አጃቢው ከልጅ መጫወቻ የወጣ ይመስላል። ዜማው ግን ሦስት ቀን ሙሉ ከአፌ አልጠፋም፤ ጢሜን ስላጭ እያንጎራጎርኩት ራሴን ቆረጥኩ። እኔ ሠላሳ ዓመት ዜማ ደርሻለሁ። አንዱን እንኳ መንገድ ላይ የሚያንጎራጉር ሰው ገጥሞኝ አያውቅም።

በጁላይ ወር አጋማሽ ሀይሰም ቤቴ መጥቶ «ኡስታዝ፣ ሰው የሚይዝ ዜማ ጠፋብኝ፤ አንድ ነገር የለዎትም?» አለኝ። ቫዮሊኔን አንስቼ የራጋብን ዜማ ተጫወትኩለት። «ይሄ የማን ነው?» ሲል «የኔ» አልኩት። በምትኩ የተቀበልኩት ነገር የለም። ለምን እንዲህ እንዳደረግኩ በመርማሪው ተጠይቄ፣ አሥራ አንድ ሰው የሰማውን ዘፈን ባለቤት ያለው ዕቃ ብዬ ስላልቆጠርኩት ነው ብዬ መልሻለሁ።

ሀይሰም በሸሚዙ ግጥም ፈንታ ስለ አንዲት ልጅ ዓይን ገጠመበት። ኦገስት ላይ ሲለቅቀው በየባጃጁ ይጮኽ ጀመር። በሴፕቴምበር የሀይሰም ሰዎች «ዘፈናችን ተሰርቋል» ብለው አመልክተው የራጋብ ዘፈን ከኢንተርኔት ወረደ። ከዚያ በኋላ ሰፈሩ መቀለጃ አደረገው። አንድ ቀን ዳቦ ይዤ ስገባ አንዲት ደንበኛ «ዛሬስ የማንን ሰረቅክ?» ስትለው ሰምቻለሁ። «ወላሂ የኔ ነው፣ እመቤት» አላት። «ሂድ ወዲያ! የባሌን ኮሌታ ያቃጠልክ ሰውዬ ዘፈን ትደርሳለህ?» አለችው። እኔ ዳቦዬን ይዤ ወደ ላይ ወጣሁ።

ኖቬምበር 10 ቀን ዓርብ ከቀኑ 10 ሰዓት ሲሆን የአንዲት ሙሽራ ዕቃ በሰፈሩ ወግ መሠረት በሙዚቃ ታጅቦ ወደ አዲሱ ቤቷ ይሄድ ነበር። ሀይሰምና እኔ ፍሪጅና ፍራሽ በተጫነበት ፒክአፕ ላይ ቆመን እየተጫወትን በራጋብ ሱቅ ፊት ስንደርስ ሀይሰም ያንን ዘፈን ጀመረ። ራጋብ ወጥቶ መኪናው ፊት ቆመ። እጁ ባዶ ነበር። «ወንድሜ ሀይሰም፣ አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ፤ ይሄ ዜማ ሲመጣ ስለ ማን ነበር የምታስበው?» አለው። ሀይሰም በማይክሮፎኑ «ስለ እናትህ!» አለ፤ ሕዝቡም ሳቀ። ራጋብ የማይክሮፎኑን ገመድ ያዘ። ሀይሰም ዘሎ ሲወርድ ግንባሩን ከመኪናው ጠርዝ ጋር አጋጨ፤ ራጋብ መታኝ ብሎ ያሳየው ቁስል ይኸው ነው። ከዚያም በማይክሮፎኑ ማቆሚያ ብረት የራጋብን ቀኝ ክንድ መትቶ ሰበረው፤ ሁለት አጃቢዎቹም ረገጡት። ራጋብ በማንም ላይ እጁን አላነሳም። እኔ ቫዮሊኔን ታቅፌ መኪናው ላይ ቆሜ ነበር። አልወረድኩም።

በማግስቱ ሆስፒታል ሄጄ አየሁት። ክንዱ በጄሶ ታስሯል። ሲያየኝ ሊነሳ ሞከረ። «ኡስታዝ፣ በሞቴ እውነቱን ይንገሩኝ። እርስዎ ብዙ ዘፈን ያውቃሉ። ምናልባት የሆነ ቦታ ሰምቼው ይሆን? ሳላውቀው ሰርቄ ይሆን?» አለኝ። «ተኛ» ብዬው ወጣሁ።

ስለ ዜማው ማንም ሳይጠይቀኝ በራሴ ፈቃድ ተናግሬያለሁ። መርማሪው «ይህ ከድብደባው ጋር ምን ያገናኘዋል?» ሲሉኝ ይጻፍልኝ ብያለሁ። ራጋብ ዛሬም ከቃና ይወጣል፤ ይህን ቃሌን አልለውጥም። ዜማው ግን የሱ ነው። ሀይሰም ቤቴ ከመምጣቱ በፊት የተቀዳው ከነቀኑ ራጋብ ስልክ ላይ ይገኛል። ይህ ቃል ለራጋብ ሲነበብለት እኔ ክፍሉ ውስጥ እንዳልኖር ጠይቄ አይቻልም ተብያለሁ።

ቃሌ ተነብቦልኝ ሰምቻለሁ። የምጨምረውም የምቀንሰውም የለም፤ እውነት ስለመሆኑ ፈርሜያለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ናዚም ቡሽራ
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፦ ም/መቶ አለቃ ታሚም ሸርቢኒ